ክፍልህ ተይዟል

ኅዳር 21 ቀን፣ ሰኞ
ከምሳ በኋላ፣ ከአበባ ሱቁ ጓዳ

ይድረስ ለአቶ ነገ፤

“ውድ ባለቤቴ” ብዬ ልጀምር ነበር። “ውድ” የሚለውን ጻፍኩና “ባለቤቴ” ላይ ስደርስ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ፤ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ስለዚህ ጓደኞችህ ባወጡልህ ስም ልጥራህ። ሲያወጡልህ እኔም አብሬ ስቄ ነበር። ቧንቧው ነገ፣ የበሩ እጀታ ነገ፣ ሐኪም ቤት ነገ፣ እውነቱ ነገ። ስም ይመራል ወይስ ግብር ይመራል፣ እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

ጤናህን ጠይቄ፣ ደህንነታችንን ነግሬህ፣ ናፍቆቴን ዘርዝሬ ወደ ጉዳዬ መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ትምህርት ቤት አስተምረውኛል። ግን ተናድጃለሁ። ጤናህን ራስህ ጠይቀው።

ለምን እንዳልደወልኩ ደግሞ ታውቀዋለህ። ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር ስናገር “ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም” ትልና ትዘጋዋለህ። የኤሌክትሪሺያን ሚስት ሆኜ የኖርኩ ሰው መስመር ሲቋረጥና ሲቆርጡት የማልለይ መሰለህ? ወረቀት “አይሰማም” አይባልም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ትናንት ደወልክ። እናትህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውት፣ የጎረቤት ሸሚዝ ይዘው ቁልፍ ይተክላሉ። እኔ አጠገባቸው ሲባጎ እጠቀልላለሁ። “እማዬ፣ ለበዓል እመጣለሁ፤ ክፍሌን አጽዱልኝ፣ ፍራሼንም አናፍሱልኝ” አልክ። አፍህን ሞልተህ! እናትህም ድምፃቸው ሳይለወጥ “እሺ ልጄ” አሉህ። ከዚያ “ስጪኝ እስቲ እሷን” አልክና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ “ባክሽን እስከዚያ ምንም እንዳትነግሪያት፣ መጥቼ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት” አልከኝ። ሰውዬ፣ ስልኩ እኮ እየጮኸ ነው! ያንን ሹክሹክታህን እናትህም ሰሙት፣ ግድግዳውም ሰማው፣ ደጅ ልብስ የምታሰጣውም ጎረቤት ሳትሰማው አልቀረችም።

ሊፍት ልጠግን ነው ብለህ ሄድክ። ሥራው ወራት ነው፣ እንዳለቀ እመለሳለሁ አልክ። ወጥተህ ቀረህ፤ ሊፍት ጠጋኝ መውረድ ይረሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል! ዓመቱ ሊዞር ሲል ደወልክና “እዚህ ሰው ይዣለሁ፣ አልመለስም” አልከኝ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሱን እንኳ ዋጥኩት። ሴት ልጅ ሆና ያልዋጠች የለችም። ያልዋጥኩት ቀጥለህ ያልከውን ነው። “ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ፤ ካንቺ አፍ ከሰማች ትሞትብኛለች።” እኔም እሺ አልኩህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንተን ውሸት እኔ ተሸክሜ አለሁ። “ልጄ ምን አለ?” ሲሉኝ “ሥራ በዝቶበታል”፤ “መቼ ነው የሚመጣው?” ሲሉኝ “አልቆረጠም”። የራስ ውሸት እንኳ አንድ ነገር ነው፣ የሰው ውሸት ግን ወገብ ይቆርጣል።

ይህ ሳያንስህ ትናንት ደግሞ ስለ ቁልቋሎቼ ምክር ሰጠህ! እናትህ “ቁልቋሎቿ እምቡጥ ያዙላት” ቢሉህ፣ “ቁልቋል አይደል? የበረሃ ነው፤ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ውሃ አታብዙበት” ብለህ አረፍከው። ስሙን ሰምተህ ፈረድክበት። ከመሄድህ በፊትም የእናትህን አሮጌ ተክል ከወጥ ቤት መስኮት አንስተህ ጣሪያ ላይ ያወጣኸው አንተው ነህ። ሲቀላና ሲጨማደድ “ፀሐይ ሲያገኝ እንዴት አማረበት!” አልክ። እየተቃጠለ ነበር እኮ! ይሄኛው ቁልቋል የጫካ ነው። ትልልቅ ዛፍ ላይ፣ ቅርንጫፍ መሃል፣ በጥላና በእርጥበት የሚኖር ነው። እሾህ የለውም፤ ቅጠሉ ሰንሰለት ሆኖ እየተቀጣጠለ ይወርዳል። የምታሠራኝ ባለ ሱቋ “የበዓል ቁልቋል” የምትለው በበዓል ሰሞን ስለሚያብብ ነው። እናትህ ግን “እሾህ ሳይኖረው ቁልቋል ከተባለ፣ እኔም ጥርስ ሳይኖረኝ ወጣት ልባላ” ይሉ ነበር።

ሥራዬን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ አሁን ልንገርህ። ከጣሪያ አውርጄ ካዳንኳት ከዚያች አሮጌ ተክል ላይ ሁለት ሦስት የተያያዘ ቅጠል በእጄ ጠምዝዤ አነሳለሁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስተኛዋለሁ፤ ከዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር ያወጣል። ሥር ሲያወጣ ሸክላ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ቀላቅዬ እንደ ሊጥ አሽቼ፣ ድቡልቡል አድርጌ፣ ለሁለት ከፍዬ ሥሩን መሃሉ አስገብቼ መልሼ እገጥመዋለሁ። በላዩ ላይ ያንን ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ለስላሳ ነገር፣ የዛፍ ሽበት የሚሉትን፣ አለብሰውና በሲባጎ ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ። ሳሕን የለ፣ ማሰሮ የለ፤ አረንጓዴ ኳስ ሆኖ ከጣሪያ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ የለቀምኩ ቀን እናትህ “ምንድን ነው የያዝሽው?” አሉኝ። “የዛፍ ሽበት ነው፣ እማማ” አልኳቸው። “ዛፍ ድረስ ምን አደከመሽ፣ ጭንቅላቴ አለልሽ አይደል!” አሉኝ። ያን ቀን ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አንተ ግን አልነበርክም።

ውሃ ሲጠማው ከላይ አይፈስበትም። ሳፋ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ጠግቧል ማለት ነው። ጨመቅ አድርጌ፣ አንጠባጥቤ እሰቅለዋለሁ። መጠማቱን የሚነግረኝ እጄ ነው። መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው ከቀለለኝ ጠምቶታል። ባለ ሱቋ “ሚዛን ውጠሻል እንዴ?” ትለኛለች።

ለማበብ ግን ይሄ ተክል አጥብቆ የሚፈልገው ጨለማ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ከምሽት እስከ ንጋት ምንም ብርሃን ሳያይ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ሳምንታት መክረም አለበት። መሃል ላይ አምፖል ከበራበት “ገና ነው” ይልና ቅጠል ብቻ እያወጣ ይቀመጣል። እንዳንተ። እንግዲህ ቤታችንን ታውቀዋለህ። ሳሎኑ የመንገዱ መብራት ይገባበታል። የእኔ መኝታ ፊት ለፊት የጎረቤት በረንዳ አምፖል አለ፣ ሲነጋ ነው የሚጠፋው። ጨለማ የሚገኘው ያንተ ክፍል ብቻ ነው፣ ያ መሣሪያህን የከመርክበት የኋላው ክፍል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ መስቀያ መታሁና ኳሶቼን እዚያ ደረደርኳቸው። የመሣሪያ ሣጥንህን ወደ ጥግ ገፋሁት። ጃኬትህ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ለማንሳት ጊዜ አላገኘሁም።

ዓመት ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። እናትህ በየማታው ገብተው አምፖሉን ያበራሉ።

ለምን መሰለህ? በሄድክበት ጠዋት፣ ሻንጣህ ታክሲው ላይ ተጭኖ፣ እናትህ በሩ ላይ ቆመው “መቼ ነው የምትመለሰው ልጄ?” አሉህ። አንተ ሁልጊዜ ለሥራ ስትወጣ እንደምትለው “ማታ እንገናኝ፣ እማዬ” ብለህ ገባህና የታክሲውን በር ዘጋኸው። ቀልድህ ይሁን፣ ምላስህ ለምዶበት ይሁን፣ ፊታቸውን ማየት አቅቶህ ይሁን፣ እሱን ሳትነግረኝ ሄድክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመሽ ክፍልህ ይበራል።

“እማማ፣ እሱ እኮ ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ ዛሬ ማታ አይደርስም” አልኳቸው።

“አላበድኩም፣ አውቃለሁ” አሉኝ። “ማታ አለኝ እንጂ የትኛው ማታ እንደሆነ መች ነገረኝ?”

ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ትከራከራለህ? ዘዴ ፈለግሁ። አምፖሉን ፈታሁት፤ በዳበሳ ሲገቡ ጉልበታቸው ከሣጥንህ ጋር ተጋጭቶ ሰነበቱበት፣ ስንት ቀን አነከሱ፤ መልሼ ገጠምኩት። ኳሶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ “ምነው እንደ ሬሳ ገነዝሻቸው!” ብለው ገፈፉልኝ። ካርቶን ደፋሁባቸው፤ “አየር ያጥራቸዋል” ብለው አነሱት። መጨረሻ ላይ በሩን ቆለፍኩት። ያን ማታ ወንበር ስበው አመጡና የተዘጋው በር ፊት ተቀመጡ። አልተቆጡኝም፣ ቁልፉንም አልጠየቁኝም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለው ተቀመጡ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ?

ባለፈው ዓመት አንድም አላበበም። ሱቁ ውስጥ ሁሉም በየቀለሙ ፈንድቶ የእኔ ብቻ ቅጠሉን አንጠልጥሎ ቀረ። ባለ ሱቋ “ያንቺዎቹ አድማ ላይ ናቸው እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ክሊኒክ ለመጠበቂያ ክፍሉ ያበቡ ኳሶች አዘዘን፤ ባለ ሱቋም “ዘንድሮም ካኮረፉ ሱቁ ውስጥ የያዝሽውን ጥግ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ” አለችኝ። እርር ድብን አልኩ። እናቱን መጋፈጥ ፈርቶ ባሕር የተሻገረ ሰው በአንድ ቃል ጦስ እኔን ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ!

እህቴም አላረፈችም። በየሳምንቱ መጥታ “ምን ትጠብቂያለሽ? ባል የሌለበት ቤት ምራት ሆኖ መጎለት ምን የሚሉት ነው? ልብስሽን ጠቅልለሽ ወደ እኔ ነዪ” ትላለች። ድምፅዋን ታውቀዋለህ፣ ሹክ ስትልም አደባባይ ነው። ግድግዳችንን ደግሞ ታውቀዋለህ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊቱ መርዘም ሲጀምር፣ አንድ ምሽት ከሱቅ ስመለስ ክፍሉ እንደ ሰርግ ቤት በርቷል። በቃ፣ ቆረጥኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሳቸው ብቻ ሳያውቁ እስከ መቼ? ያንተን “ነገ” ብጠብቅ ሁለታችንንም ይቀብሩናል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ገባሁ። እናትህ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኳሶቹን ቀና ብለው ያያሉ።

“እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው” አልኩ።

“እንዳትነግሪኝ።”

“ምኑን?”

“የምትነግሪኝን።”

“ያውቃሉ እንዴ?”

“ወልጄዋለሁ እኮ” አሉኝ። “ሥራ የበዛበት ሰው ድምፅና የሚዋሽ ሰው ድምፅ ይጠፋኛል? ከፈሰሰው ሻይ ጀምሮ አውቃለሁ።”

አንተን ብሎ፣ እሳቸውን ብሎ፣ እኔን ብሎ፣ ንዴቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ “ታዲያ ካወቁ ይሄን አምፖል ለምን ያበሩታል?” ብዬ ጮህኩ። “ማንን ነው የሚጠብቁት? እኔ ላብድልዎት ነው?”

እናትህ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። እንዲህ ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፣ እንድትሰማው፤ “ይሄ መብራት እስከበራ ድረስ ልጄ መንገድ ላይ ነው። ልጄ መንገድ ላይ እስካለ ድረስ አንቺ ምራቴ ነሽ። ያጠፋሁት ቀን ግን ምኔ ነሽ? የሰው ልጅ ነሽ። እህትሽ መጥታ ትወስድሻለች። በምን አፌ አትሂጂ እልሻለሁ? እሱስ ሄደ፣ ወንድ ልጅ ይሄዳል። አንቺን ላለማጣት ነው የማበራው።”

ገባህ? አንተን መስሎህ ነበር አይደል? እኔም አንተን መስሎኝ ነበር።

ደግ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ያቅፋቸው ነበር። እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ ሆዴ ሲባባ ምላሴ ይሰላል። “አብደሻል!” አልኳት። “አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ! ጉልበትሽን በየማታው የማሸው ለእሱ ብዬ ነው? ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዝልሽ ለእሱ ብዬ ነው? ደርቆ ይቅር ያ ልጅሽ! የት ነው የምሄድብሽ? ማንስ ያስኬደኛል? ዓመት ሙሉ አበባ ከልክለሽኝ የተቀመጥሽው ለዚህ ነው? አፍ የለሽም? አትጠይቂኝም ነበር?”

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ እናትህን ከ“እርስዎ” ዝቅ ብዬ አናግሬያቸው አላውቅም፤ አንተ እንኳ “እንደ ሹም ነው የምትፈሪያት” እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። ምን እንዳልኩ የታወቀኝ ዝም ስል ነው። ፊቴ ጋለ። “ይቅርታ እማማ” ልል አፌን ስከፍት፣

“እስቲ ድገሚው” አለችኝ።

“ምኑን?”

“‘አንቺ’ ያልሽኝን። ሴት ልጅ አልወለድኩም፤ ‘አንቺ’ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።”

አልደገምኩትም። እሷም አልጠበቀችኝም። ብድግ ብላ “በይ አሁን ንገሪኝ” አለችኝ፤ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ሰው ይዣለሁ ማለትህን፣ አልመለስም ማለትህን፣ ትሞትብኛለች ማለትህን። “አልሞትኩም” አለችና ሄዳ መብራቱን በገዛ እጇ አጠፋችው። ከዚያ “በይ ምሪኝ፣ ያ ሣጥን ዳግመኛ እንዳይመታኝ” አለችኝና ክንዴን ይዛ ወጣን።

እስካሁን “አሉ፣ ነበሩ” እያልኩ የጻፍኩልህ ለአንተ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ግን እጄም እሺ አይለኝም፤ ቤት ውስጥ ከቀረ ቆይቷል። እማዬ ነው የምላት። እህቴ ሰምታ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ልብስሽን ጠቅልዪ ብላኝ አታውቅም።

ክፍሉ ከዚያን ምሽት ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ውሃ ልነክራቸው ስገባ የቅጠሎቹ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቀይ ነገር አየሁ። አንዱ ላይ፣ ከዚያ ሌላው ላይ፣ ከዚያ ሁሉም ላይ። ልደሰት ይገባኝ ነበር። ሳፋውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና በንዴት አለቀስኩ። ለካ ይሄን ያህል ጊዜ አበባውን የያዘብኝ አንድ ቃል ነው! አንተ ታክሲው በር ላይ ወይ በስልክ አውጥተህ መጣል የነበረብህ አንድ ቃል! እማዬ ድምፄን ሰምታ መጣች፣ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። “ለካ ጨለማ ነበር የፈለጉት። አትነግሪኝም ነበር?” አለችኝ። “ስነግርሽ አልነበር እንዴ!” ብዬ ጮህኩባት። “ምራት ስትናገር አማት መች ትሰማለች” አለች። እንባዬ ሳይደርቅ አሳቀችኝ።

እንግዲህ ትናንት የዋሸኸው ለዚህች ሴት ነው። ሁሉን ለምታውቅ፣ አውቃ “እሺ ልጄ” ላለችህ። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና “ክፍልህ ተይዟል አትይውም ነበር?” አለችኝ። ሳቅሁ። ቀልዷ ነው ብዬ ተውኩት። ኋላ ሸሚዙን ላጣጥፍ ሳነሳው ቁልፎቹን በሙሉ ቀዳዳው ባለበት ጎን ተክላቸዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ የሰፋች ሴትዮ! ምንም ሳልላት ፈትቼ መልሼ ተከልኳቸው። እርር ያልኩት ያኔ ነው፣ ይሄን ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

እና ስማኝ። ክፍልህ እውነትም ተይዟል። ይሄ ተክል እምቡጥ ከያዘ በኋላ ከቦታው ካነሱት፣ ፊቱን እንኳ ካዞሩበት፣ እምቡጡን ያረግፋል። አበባው ተከፍቶ ወደ ክሊኒኩ እስኪሄድ ድረስ ፍራሽ አላናፍስም፣ መስኮት አልከፍትም፣ ለማንም ብዬ አንዲት ኳስ አላንቀሳቅስም። ከመጣህ ና፣ ቤቷ ቤትህ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ትተኛለህ፣ የመንገዱ መብራት ዓይንህ ላይ ይወድቃል፣ ትለምደዋለህ። ካልመጣህ ደግሞ “እመጣለሁ” አትበላት። በሚቀጥለው ስትደውል እውነቱን ንገራት። አዲስ አይሆንባትም፣ እንዳትፈራ። ግን ከአፍህ መስማት መብቷ ነው። “እማዬ፣ አልመለስም” በል፤ በቃ። እሷም እንደ ትናንቱ “እሺ ልጄ” ትልሃለች። ከዚያ ስልኩን ዝጋና አልቅስ፣ ወይም አታልቅስ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። የእኔን ነገር ተወው። እኔ ከአንተ የምጠብቀው ነገር የለኝም፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ይሄን የመጨረሻውን የምጽፈው ማታ ቤት ገብቼ፣ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ታውቃለች። “ሳልመርቀው እንዳትዘጊው” ብላኛለችና ምርቃቷን እንደ ወረደ ይኸው፦ ዕድሜህን ያርዝመው። ከከፍታ ሥራ ይጠብቅህ። እንጀራህን አይንሳህ። የያዝከውን ይባርክልህ። “የያዝከውን” ስትል እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት። “ጻፊው” አለችኝ። ጻፍኩት። እኔ ብሆን አልመርቅህም ነበር፤ እሷ ግን እናት ናት፣ እኔ ገና ነኝ። አሜን በል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ስልኩ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ እኔ ነኝ የማነሳው። ስትደውል እንደ ልማድህ “እማዬ አለች?” ብለህ እንዳትጀምር፣ አላቀርብልህም። እንደ ማንኛውም ሰው ሰላምታ ስጠኝና፣ በትሕትና፣ “እናትሽ አሉ?” ብለህ ጠይቅ።

የቤቱ ልጅ